እመበለቷና ዘጠኙ መስቀሎች

ሥራ በጀመርኩበት ቀን የሰጡኝ መዶሻ ነው። ቢቸና ላይ ስመለመል "ባሕረኛ ትሆናለህ" ስለተባልኩ መድፍ ባይሆን ገመድ፣ ገመድ ባይሆን መቅዘፊያ ይሰጡኛል ብዬ ነበር። ምጽዋ በባቡር በገባሁ በማግስቱ ጠዋት ፔቲ ኦፊሰር ሐጎስ የሚባሉ፣ ከንፈራቸው በፀሐይ የተሰነጣጠቀ የበታች ሹም፣ አንድ ጫፉ ስለት ያለው ትንሽ መዶሻ፣ አንድ መፋቂያና አንድ የሽቦ ብሩሽ አስረከቡኝ። የመርከቢቱን ጎን በአገጫቸው እያሳዩ "በል ዝገቱን አራግፍ" አሉኝ። እስከ መቼ እንደማራግፍ ጠየቅኋቸው። "እስክትሰምጥ ወይም ጡረታ እስክትወጣ፤ ከሁለቱ የቀደመው" አሉኝ።

የመርከቢቱን ስም አልጽፈውም፤ ብጽፈው የማይወዱ ሰዎች ዛሬም አሉ። እኛ "እመበለቷ" ነበር የምንላት። በትልቁ ጦርነት ጊዜ ለባዕድ አገር ተሠርታ፣ ጦርነቱ አልቆ እሷ ቀርታ፣ ከእጅ ወደ እጅ ስትተላለፍ ነው ወደ እኛ የደረሰችው። የአገራችን እመበለት ከቤተ ክርስቲያን ደጅ እንደማትጠፋ ሁሉ እሷም ከጥገና ደጅ አትጠፋም። እኔ ስመጣ ሁለት ጊዜ የስንብት ንግግር ተደርጎላት ነበር። ሁለቱንም ጊዜ ተናጋሪዎቹ ሳይመለሱ እሷ ተመልሳለች።

ሥራዋ ጠረፍ መጠበቅ ነው። ኮንትሮባንድ የጫነ ሳንቡክ፣ ያ ባለ ሸራ ጀልባ፣ ስናይ እናባርራለን። ማባረሩንስ እናባርራለን፤ መድረስ የሚባለው ነገር ነው ያልሆነልን። ጥሩ ነፋስ ያገኘ ሳንቡክ ጥሎን ይሄዳል፤ ቀልደኛ ከሆነም እጁን ያውለበልብልናል። እኛም ደብተር ላይ "ተባሮ ከጠረፍ ርቋል" ብለን እንጽፋለን፤ ሐሰት አልነበረም። "ዓባይ ማደሪያ የለው ግንድ ይዞ ይዞራል" ሲባል ልጅ ሆኜ የሰማሁት ስለ ወንዙ ነበር፤ ስለ እኛም እንደሚሠራ ያወቅሁት እዚያ ነው።

የዝገት ሥራ ለማያውቅ ሰው ቀላል ይመስላል። አንድ ጣውላ በሁለት ገመድ ከመርከቢቱ ጎን ይንጠለጠላል፤ እሱ ላይ ትቀመጣለህ። በመዶሻው ስለት የተነፋውን ቀለምና ዝገት ታረግፋለህ፣ ትፍቃለህ፣ ብረቱ እስኪነጣ በሽቦ ብሩሽ ታሻለህ። ከዚያ ሁለት ጊዜ ቀይ ቀለም፣ በላዩ ሁለት ጊዜ ግራጫ ይቀባል። ከአንዱ ጫፍ ጀምረህ ሌላው ጫፍ ስትደርስ የጀመርክበት ዝጎ ይጠብቅሃል። ፀሐዩ ጣውላው ላይ አያስቀምጥም። እመበለቷን ለብዙ ዓመት የቀባናት ስለሆነ አንዳንድ ቦታ ቀለሙ ከላሜራው ይወፍር ነበር፤ ፔቲ ኦፊሰር ሐጎስ እዚያ ቦታ ላይ ጠንክሮ መምታትን ከልክለው ነበር።

በሦስተኛው ሳምንት ነው ጆሮዬ ሥራ ያገኘው። አባቴ ቢቸና አጠገብ ባለች ደብር ደወል መቺ ነበሩ። ደወሉ የብረት አይደለም፤ ከወይራ ዛፍ ላይ በጠፍር የተንጠለጠሉ ሦስት ረዣዥም ድንጋዮች ናቸው። ጤነኛው ድንጋይ ሲመታ ይዘምራል። ውስጡ የተሰነጠቀው ግን ላዩ ምንም ቢያምር "ደብ" ብሎ ይቀራል። አባቴ የደወል ድንጋይ ሲመርጡ ዓይናቸውን ይጨፍኑ ነበር፤ እኔንም ከልጅነቴ ጀምሮ ዓይኔን እያስጨፈኑ አስመቱኝ። ያን ቀን ጣውላው ላይ ሆኜ ስመታ አንዱ ላሜራ "ደብ" አለ።

ፔቲ ኦፊሰር ሐጎስን ጠራኋቸውና "ይህ ሞቷል" አልኳቸው። ማን እንደሞተ ጠየቁኝ። ብረቱን አሳየኋቸው። ላዩ አዲስ ቀለም ነው፤ ያብለጨልጫል። ሳቁብኝና ከኪሳቸው ካቻቢቴ አውጥተው ቢገፉት እስከ እጀታው ገባ። አውጥተው እሱንም እኔንም አዩ። ከዚያ በያጅ እስኪመጣ ድረስ ቀዳዳውን በሳሙና ደፈኑትና መዶሻዬን ነጥቀው ሌላ፣ ክብ ራስ ያለው ትንሽ መዶሻ ከአንድ ጠመኔ ጋር ሰጡኝ። "ከዛሬ ጀምሮ አታራግፍም፤ ታዳምጣለህ። የሞተ ላሜራ ስታገኝ ክብ አድርግበት።"

እንዲህ አድርጌ የላሜራ መርማሪ ተባልኩ። ማዕረጉ በየትኛውም ደንብ ላይ አልነበረም፤ ለእኔ ሲባል በእርሳስ የተጨመረ ነው። እመበለቷ በዓመት አንድ ጊዜ ተስባ ወደ የብስ ስትወጣ ከአፍንጫዋ እስከ ጭራዋ እየመታሁ አዳምጣታለሁ። ክብ ያደረግሁበት ተቆርጦ ይወጣል፤ አዲስ ላሜራ ካለ ይበየዳል፤ ከሌለ ከውስጥ ሲሚንቶ ይለሰናል። ከዚያ "ላሜራው ሁሉ ተመርምሮ ጤነኛ ሆኖ ተገኝቷል" የሚል ወረቀት ላይ እፈርማለሁ። እኔ ሳልፈርም መርከቢቱ ውሃ አትገባም። ለአንድ የደወል መቺ ልጅ ይህ ትልቅ ሥልጣን ነበር፤ ለረጅም ጊዜም እንደ ሥልጣን ቆጥሬው ኖሬያለሁ።

እንየው ከሁለት ዓመት በኋላ መጣ። የሞጣ ልጅ ነው፤ ቀለም ቀቢ ሆነ። በዕድሜ ስለምበልጠው "አያ ያረጋል" ይለኛል፤ እያለም ይቀልድብኛል። የቢቸና ሰው አፉ እንጂ እጁ አይሠራም ይል ነበር፤ እኔም የሞጣ ሰው በቅሎ ሲገዛ እንኳ ከሻጩ በፊት በቅሎዋን ያማክራል እለው ነበር። ሲቀባ ጥንቁቅ ነው። ሌሎቹ በብሩሽ ያለብሳሉ፤ እሱ ግን ጥግ ጥጉን፣ የምስማር ራሱን ሁሉ እየዞረ ይቀባል። በዚህ ዝግተኝነቱ ስንት ጊዜ ተሰድቧል።

አንድ ጥር ላይ ሁለታችንም የዓመት ፈቃድ ደረሰንና አብረን አገር ገባን። ከአሥመራ አዲስ አበባ፣ ከአዲስ አበባ ደጀን በአውቶቡስ፤ ከዚያ ወዲያ ባገኘነው የጭነት መኪና ላይ። ቢቸና ላይ የሰፈሩ ሰው ተሰብስቦ ባሕሩ ከዓባይ ይሰፋ እንደሆነ ጠየቀን። "ማዶው አይታይም" ብላቸው አንድ አጎቴ ጭጋግ ሆኖብህ ይሆናል አሉ። አባቴ ግን የጠየቁኝ ስለ ብረቱ ነው፤ ሲመታ ምን ይላል? እንደ ድንጋዩ ነው አልኳቸው። ደስ አላቸው፤ እኔም ደስ አለኝ።

ጉንደ ወይን ላይ መኪናው ተበላሽቶ አንድ ቀን አሳደረን፤ በሁለተኛው ቀን ሞጣ፣ እንየው ቤት ደረስን። እናቱ እትዬ ዘርፌ ባል የሞተባቸው፣ አንድ ልጅ ብቻ ያላቸው ሴት ናቸው። ሦስት ቀን አከበሩኝ። ልንነሳ ስንል የእንየውን ልብስ እየጠቀለሉ ለብቻዬ ጠሩኝና የእሱን ትተው እኔ የምሠራውን ጠየቁኝ። መርከቢቱን የምመረምር እኔ እንደሆንኩ ነገርኳቸው፤ ኩራትም ነበረበት። እጃቸውን ከጥቅሉ ላይ አነሱ።

"እንግዲያስ አንተ ታውቃለህ። መርከቢቱ ጽኑ ናት?"

"ጽኑ ናት" አልኳቸው።

"እንግዲህ ልጄን አደራ።"

ዋሽቼ ነበር። እመበለቷ በመጨረሻ ስመታት ምን እንዳለች ጆሮዬ ያውቃል። ያን ዓመት ያለፈችው አዲስ ላሜራ ጠፍቶ በሲሚንቶ ነው። ከሞጣ እስከ ደጀን መንገዱን ሁሉ እንየው ሲያወራኝ አልሰማሁትም፤ አደራ የሚሉት ነገር በእኛ አገር ተቀብለው የሚረሱት አይደለም።

ስንመለስ ወሬው ሌላ ነበር። ከአዲስ አበባ አንድ ትልቅ ሰው ይመጣሉ፤ እመበለቷ ጡረታ ትውጣ ወይም ትቀጥል የሚለውን አይተው የሚወስኑት እሳቸው ናቸው። ኮማንደሩ እንድትቀጥል ይፈልጉ ነበር፤ እሷ ጡረታ ከወጣች እሳቸው የሚያዙት መርከብ የለም። ክፉ ሰው አልነበሩም። መርከብ የሌለው ኮማንደር ግን መድረክ ላይ ሳይሆን ከመድረኩ ሥር የሚቀመጥ መሆኑን ያውቃሉ።

እመበለቷ ተስባ ወጣች፤ እኔም ማዳመጥ ጀመርኩ። የመጀመሪያውን የሞተ ላሜራ ያገኘሁት ከሞተር ክፍሉ ሥር ነው። ጠመኔውን አንስቼ ምልክት አደረግሁና ቀጠልኩ። እንዲህ እያልኩ ዘጠኝ ቦታ ሞቶ አገኘሁ። ቀኑ ሲያልቅ ዘወር ብዬ ባይ አንዱም ክብ አይደለም። ዘጠኙም ላይ ያደረግሁት መስቀል ነው። እናቴ ሊጥ አቡክታ ስትከድን፣ አባቴ ጎተራ ሲዘጉ፣ ያሰጋቸውን ሁሉ በመስቀል ነው የሚያትሙት፤ እጄም ሳላዘው የቤቱን ልማድ ያዘ። የሠላሳ ዓመት ሰው ነኝ፣ መንግሥት ሥራ ላይ ነኝ፣ እጄ ግን እናቴ ቤት ነበር።

በማግስቱ ጠዋት አራጋፊዎቹ ጣውላቸው ላይ ወጡ፤ መዶሻ ግን አልተሰማም። ፔቲ ኦፊሰር ሐጎስ ሊያዩ ሄዱ። አራጋፊዎቹ አብዛኞቹ የጎጃምና የወሎ ልጆች ናቸው፤ ግማሾቹ ድቁና ተቀብለው የመጡ። መስቀል በመዶሻ አንመታም ብለው እጃቸውን አጣጥፈው ተቀምጠዋል። እንግዲያው ጥረጉትና ምቱ ተባሉ። በምን እንጥረገው? ጨርቁ ዘይት የተጠረገበት ነው፤ እግራችንም ከጎኑ ተንጠልጥሏል፤ ይህ እንኳ ነውር ነው አሉ። አንደኛው ጣውላውን ከመስቀሉ በላይ እንዳይሆን ዝቅ አድርጎ አሰረው፤ ያን ጊዜ ደግሞ ራሱ ላይ መስቀል ሆነና ተሳልሞ እጁን አጣጠፈ።

ፔቲ ኦፊሰር ሐጎስ ወደ እኔ መጥተው የቻሉትን ያህል ሰደቡኝ። "ክብ አልኩህ። ክብ የሚባል ነገር አገርህ የለም?" ይቅርታ ጠየቅሁና እኔው እጠርገዋለሁ ብዬ ውሃ ይዤ ሄድኩ። እዚያ ስደርስ እኔም አልቻልኩም። ለሌላው መስቀል ብቻ ነው፤ እኔ ግን ስሥለው እትዬ ዘርፌን እያሰብኩ እንደነበር አውቃለሁ።

ቀን እየሄደ ነው። አዲስ ላሜራም ከመጋዘን ሊገኝ አልቻለም፤ ስለዚህ መስቀሉ ባይኖርም ተቆርጦ የሚተካበት ነገር አልነበረም። የመጨረሻው ትእዛዝ "ምንም አትንኩ፣ ዙሪያውን ቀቡ" የሚል ሆነ። ዙሪያውን የቀባው እንየው ነው። እንዳልኩት ጥንቁቅ ነው፤ በትንሿ ብሩሽ የእያንዳንዱን መስቀል ክንድ እየዞረ ግማሽ ግማሽ ቀን ፈጀበት። ሲጨርስ እመበለቷ ግራጫ ልብስ ላይ ዘጠኝ ነጭ መስቀል የተጠለፈባት ሆነች። እንደዚያ አምራ አይቻት አላውቅም።

ትልቁ ሰው የመጡት ሐሙስ ጠዋት ነው። ኮማንደሩ ጎኗን ያዩት ያኔ ነበር፤ እስከዚያ በንግግር ዝግጅት ተጠምደው ነበር። እንግዳው ከመኪና ወርደው ወደ መርከቢቱ ቀና ሲሉ ቆሙ። ባርኔጣቸውን አወለቁና አማተቡ። ተከትሏቸው የመጣው ሁሉ አማተበ፤ እኛም አማተብን። ከዚያ ይህን ማን እንዳዘዘ ጠየቁ። ኮማንደሩ አንዴ መርከቢቱን አንዴ እኛን አዩና "የባሕረኞቹ ሃይማኖት ነው፣ ክቡርነትዎ" አሉ። ከልባቸው ይሁን ከጭንቅ እስከ ዛሬ አላውቅም።

እንግዳው ከአንዱ መስቀል ወደ ሌላው በእግራቸው ሄዱ። ከሞተር ክፍሉ ሥር ያለው፣ የመጀመሪያው፣ እጃቸው የሚደርስበት ስለነበር እጃቸውን ሰደው ዳሰሱትና ጣታቸውን ሳሙ። ቢጫኑት ኖሮ ጣታቸው ሞተር ክፍል ይገባ ነበር። ከዚያ ወደ ኮማንደሩ ዞረው "እንዲህ ያለ እምነት የያዛትን መርከብ እኔ ጡረታ አላወጣትም" አሉ። ጭብጨባው ቀለጠ። ፔቲ ኦፊሰር ሐጎስ እያጨበጨቡ በጎን ሲያዩኝ ፊታቸው ላይ ያየሁትን ነገር ስም ልሰጠው አልችልም።

ከሰዓት በኋላ ኮማንደሩ ቢሯቸው አስጠሩኝ። የምፈርምበት ወረቀት ጠረጴዛ ላይ ነው፤ ብዕሩም ተከፍቷል። ቆሜ ጽሑፉን እስከ መጨረሻው አነበብኩት።

"ጌታዬ፣ መስቀል ያደረግሁበት ሁሉ የበሰበሰው ላሜራ ነው" አልኳቸው።

ጎበዝ ሰው ነበሩ፤ ሁለተኛ ማስረዳት አላስፈለገም። እንግዳው እያማተቡ የተሳለሙት ዝገት መሆኑ ገባቸው፤ ይህን የሚነግራቸው ሰው ማን ሊሆን እንደሚችልም አሰቡ።

"ይህን ለክቡርነታቸው አንተ ትነግራቸዋለህ?"

"እርስዎ ካዘዙኝ እነግራቸዋለሁ።"

አላዘዙኝም። ላለመፈረሜ ምክንያት እንዳለኝ ተረድተዋል፤ እሳቸውም እንድፈርም ለመፈለጋቸው ምክንያት አላቸው። ብዕሩን ከደኑትና አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። ጤናዬን ጠየቁኝ። ይህን ያህል ዓመት ብረት ሲመታ የኖረ ሰው ጆሮው ሊደክም እንደሚችል፣ ሐኪም ሊያየኝ እንደሚገባ ነገሩኝ።

ሐኪሙ በማግስቱ አዩኝ። ከጀርባዬ ቆመው በሹክሹክታ ቁጥር ጠሩ፤ ደገምኩላቸው። ሰዓታቸውን ከጆሮዬ አራቁት፤ ሲመታ ይሰማኛል አልኳቸው። በር ላይ ሆነው ከነርሷ ጋር ስለ እኔ ወረቀት የተነጋገሩትንም ሰማሁ፤ ያንን ግን አልደገምኩላቸውም። "የመስማት ችሎታው ስለደከመ የባሕር ላይ ሥራ አይስማማውም" ተብሎ ተጻፈ። በባሕር ኃይሉ ውስጥ በጆሮው የሚበላ አንድ ሰው ነበር፤ እሱም ደንቆሮ ነው ተባለና የቀለም መጋዘን ጠባቂ ሆነ።

እኔ ግን አልከፋኝም። እውነቱን ልናገር፣ ኮርቼ ነበር። አልፈረምኩም፤ እኔ ሳልፈርም ደግሞ መርከቢቱ ውሃ አትገባም። የእትዬ ዘርፌን አደራ ጠበቅሁ ብዬ መጋዘኑ ውስጥ በቀለም ጣሳዎች መካከል እንደ ዳኛ ተቀምጬ ነበር። በሦስተኛው ቀን ፔቲ ኦፊሰር ሐጎስ መጥተው መርማሪ መሾሙን ነገሩኝ። የተሾመው እንየው ነው። ኮማንደሩ "ጎጃሜ አይደለም? ጆሮ ከዚያው አገር ነው የሚመጣው" ብለዋል አሉ። እንየውም ፈርሟል።

ለካ አደራ የተባልኩትን ልጅ እኔው ገፍቼ መርከቧ ላይ አስቀምጬዋለሁ። እኔ የብስ ላይ በጤና ተቀምጫለሁ፤ እሱ በዘጠኝ ቀዳዳ ላይ ሊሄድ ነው። ሮጬ ሄድኩ። ገመድ ሲጠቀልል አገኘሁት። ደወል የማይለይ ጆሮህን ይዘህ በምን ፈረምክ አልኩት። ለእናትህ ምን ልበላቸው አልኩት። ሌላም ብዙ፣ ዛሬ የማይጻፍ ነገር አልኩት። እስክጨርስ ጠበቀኝ።

"አያ ያረጋል፣ አንተ ካልፈረምክ ትቀራለች ብለህ ነው? አትቀርም። የሚፈርም ሰው አያጡም፤ ነገ ከነገ ወዲያ አንድ መስቀሉ የት የት እንደነበር የማያውቅ ሰው ይፈርምና ትሄዳለች። መሄዷ ካልቀረ የሚያውቅ ሰው ውስጧ ይኑር።"

"አንተ ምን ታውቃለህ?"

"ዙሪያቸውን የቀባሁት እኔ አይደለሁም? ዓይኔን ጨፍኜ እነግርሃለሁ።"

ወደ መጋዘኔ ሄጄ ሲሚንቶ፣ ጣውላ፣ ጆንያ፣ የእንጨት ሽብልቅ ያገኘሁትን ሁሉ አወጣሁለት። ማውጫው ላይ "ለቀለም ሥራ" ብዬ ጻፍኩ። በባሕር ኃይል ዘመኔ የጻፍኩት ሐሰት እሱ ብቻ ነው፤ ሳንቡኮቹንና የሲሚንቶውን ዓመት ፊርማዬን ሳንቆጥር።

እመበለቷ ሰኞ ጠዋት ውሃ ገባች። ጠመኔው ያኔውኑ ታጠበ፤ መስቀሎቹ ጠፉ። ማክሰኞ ለጥበቃ ወጣች፤ ቅዳሜ ልትመለስ። እኔ መጋዘን ጠባቂ ነኝ፤ ሥራዬ ጣሳ መቁጠር ነው። ቀይ ጣሳውን ሃያ ጊዜ ቆጠርኩት። ሐሙስ ነፋስ ተነሣ። ዓርብ የወደቡ ሰው ሁሉ ማዕበሉን ሊያይ ወጣ፤ እኔ አልወጣሁም። ፈርቼ ነው። ለእትዬ ዘርፌ የምጽፈውን ደብዳቤ በልቤ እየጀመርኩ "ለክብርት" ከሚለው አላልፍም ነበር።

ቅዳሜ ከምሳ በኋላ አንድ ሰው "እመበለቷ መጣች" እያለ ሮጠ። ወጥቼ አየሁ። በግራ ጎኗ ዘማ፣ ከሁለት ቦታ በፓምፕ ውሃ እየተፋች፣ በጣም በዝግታ ትመጣለች። ሳንቡክ ሁለት ጊዜ አለፋት። ስትታሰር ከሰው ሁሉ በፊት የዘለልኩት እኔ ነኝ። እንየው ሞተር ክፍል ውስጥ እስከ ጉልበቱ ውሃ ውስጥ ቆሞ በጀርባው አንድ ጣውላ ደግፎ ነበር። ሲያየኝ "የመጀመሪያው ነው፤ ሰውዬው የሳሙት" አለኝ። ተቃቅፈን አለቀስን፤ ለማለት ነውር የለበትም።

ነገሩ እንዲህ ነበር። እንየው መርከቢቱ ከወጣች ሰዓት ጀምሮ በዘጠኙ ቦታ ከውስጥ በኩል ጆንያ፣ ጣውላና ሽብልቅ አስቀምጦ፣ ለየቦታው አንድ ሰው መድቧል። ለምን እንደሆነ ሲጠይቁት "መስቀሉ እዚህ ነበር" ብቻ ይላቸዋል፤ እነሱም ከዚያ በላይ አልጠየቁትም። ዓርብ ማዕበሉ ሲመታ የመጀመሪያው ተከፈተ፤ ከጥቂት ሰዓት በኋላ ደግሞ ስድስተኛው። ሰዎቹ አጠገቡ ቆመው ስለነበር ወዲያው ገጠሙት። ቀዳዳው የት እንደሆነ ፍለጋ ቢሮጡ ኖሮ አይደርሱም ነበር።

ከአዲስ አበባ ቴሌግራም መጣ። ትልቁ ሰው መርከቢቱን መስቀሉ እንዳዳናት ሰምተው ደስ ብሏቸዋል፤ እንደሚሆንም ያውቁ ነበር። ኮማንደሩ ሁላችንን አሰልፈው አነበቡልን። ፔቲ ኦፊሰር ሐጎስ አጠገቤ ቆመው ነበር፤ ቀስ ብለው "ሐሰት ነው ልትል ትችላለህ?" አሉኝ። አስቤ አስቤ አልችልም አልኳቸው። እመበለቷ በዚያ ዝና ላይ አዲስ ላሜራ ተገዛላትና ዘውዱ እስኪወርድ ድረስ አገለገለች። ሌሎች ሁለት የስንብት ንግግሮችም ሰምታለች።

እኔ በወረቀት ላይ ደንቆሮ እንደሆንኩ ቀረሁ። የሚያርመው ሰው ቢገኝ ሐኪሙ መሳሳታቸው ይጻፋል፤ ስለዚህ አልተገኘም። መርከቢቱን ከዚያ ወዲያ በየዓመቱ አዳምጥ ነበር፤ እንየው መርማሪ ተብሎ ይፈርማል፣ እኔ ቀለም ላደርስ መጥቼ እመታለሁ። ጡረታ ወጥቼ ቢቸና ስመለስ የጽሕፈት ቤቱ ጸሐፊ ወረቀቴን አይቶ ጆሮዬ ሥር መጥቶ እየጮኸ ነበር የሚያናግረኝ። ድምፁ ጥሩ ስለነበር ተውኩት።

ከማዕበሉ በኋላ በነበረው ፈቃድ ግን ሞጣ ሄጄ ነበር። እንየው ከብት ሊያይ ወጥቶ ከእናቱ ጋር ብቻችንን ቀረን። ሌላ ነገር ማውራት አቃተኝና "እትዬ፣ ያን ጊዜ መርከቢቱ ጽኑ ናት ያልኩዎ ዋሽቼዎት ነው" አልኳቸው።

"ዐውቄያለሁ" አሉኝ። "ጽኑ ነገር እንዲያ ቶሎ አይነገርም።"

"ታዲያ ለምን ልብሱን ጠቅልለው ሰጡት?"

"መሄዱ መች ይቀራል፣ ልጄ። መሄዱ ካልቀረ የሚያውቅ ሰው አጠገቡ ይሁን ብዬ ነው አደራ ያልኩህ።"

ልጁ ያንን ንግግር ከየት እንዳመጣው ያኔ ገባኝ።

አሁን የዝገት ሥራ የምትጀምሩ ልጆች አንዳንዴ ምክር ትጠይቁኛላችሁ። ያለኝ ይህ ነው። የሞተውን ላሜራ ምልክት አድርጉበት። ለሚፈርመው አትጨነቁ፤ ፈራሚ አይጠፋም። ምልክቱን ግን ከውስጥ የሚሠራው ሰው ይወቀው።